የመሐል ቁልፍ በላፕቶፕ ላይ፤ ማውዝ ለሌለው ተማሪ

ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ፥ የጥናት ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ፥ ከመካከላችን አንዱ ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ቅሬታው አጭር ነበረ፤ «የመሐሉ ቁልፍ አይሠራልኝም» የሚል ነው። ጠጋኙም ኮምፒዩተሩን አገላብጦ ካየ በኋላ «መዳሰሻው ተበላሽቷልና በሙሉ መለወጥ አለበት» ሲል ፈረደ። የጠየቀውም ዋጋ ለአንድ ተማሪ የሁለት ወር የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የሚሆን ነበረ። ባልንጀራችን ገንዘቡ በእጁ ስላልነበረ ብቻ ሳያሠራ ተመለሰ። በዚያው ማታ በመኝታ ክፍል ተሰብስበን ብንመለከተው መዳሰሻው ምንም አልሆነም፤ በሴቲንግስ ውስጥ አንዲት ምልክት ሳትበራ ቀርታ ኖሯል። እርስዋን ለማብራት ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። ባልንጀራችን ገንዘቡ ቢኖረው ኖሮ ያልታመመውን መሣሪያ ሊያሳክም ነበር። ከዚያም ወዲህ ስንጠያየቅ ከእርሱ ሌላ ብዙዎቻችን የመሐል ቁልፍ የሚባለው ነገር መኖሩን እንኳ እንደማናውቅ ተረዳን። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ በላፕቶፕ ላይ ለምን እንደ ጠፋ፥ እንዴትስ ተመልሶ እንደሚገኝ በዚህ ገጽ እንደ ዐቅማችን ለመግለጽ እንሞክራለን።

የመሐል ቁልፍ ምን ይሠራል?

በጠረጴዛ ላይ የሚነዳውን ማውዝ ያየ ሁሉ የግራና የቀኝ ቁልፎቹን ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለችው መንኰራኵር ግን ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ለማንከባለል ብቻ የተሠራች ይመስለዋል። ይህች መንኰራኵር ወደ ታች ስትጫን ራስዋን የቻለች ሦስተኛ ቁልፍ ናት። የመሐል ቁልፍ የምንለውም እርስዋን ነው።

ሥራዋ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። በብራውዘር ውስጥ ሊንክ ላይ አድርገን ብንጫናት ሊንኩ በአዲስ ታብ ይከፈታል፤ እያነበብነው ያለው ገጽም ከቦታው አይነቃነቅም። በታቡ ራስ ላይ አድርገን ብንጫናት ደግሞ ታቡ ይዘጋል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ከታች በተደረደሩት የፕሮግራም ምልክቶች በአንዱ ላይ ቢጫናት የዚያው ፕሮግራም ሌላ መስኮት ይከፈትለታል።

ለምርምር ሥራ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመገመት አያስቸግርም። አንድ ተማሪ የጥናት ጽሑፎች ዝርዝር ከፊቱ ተደቅኖለት ከሠላሳው ውስጥ ሰባቱን ሊያነብ ቢፈልግ፥ በተለመደው መንገድ አንዱን ከፍቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላውን ከፍቶ እንደገና ይመለሳል፤ በተመለሰ ቍጥርም ዝርዝሩ ከመጀመሪያው እስኪጫን ድረስ ይጠብቃል። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ይህ መመላለስ ትዕግሥት ያስጨርሳል። የመሐል ቁልፍ ያለው ግን ዝርዝሩን እያነበበ ሰባቱንም በየታባቸው ያስከፍታል፤ የመጀመሪያውን ሲያነብ የቀሩት ከኋላ ተጭነው ይቆዩታል።

በሊኑክስ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አላት። በ1984 በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው የተባለው ሥርዓት አንድ ልማድ አውርሶናል፤ ይኸውም ጽሑፍን በጠቋሚው መርጦ ኮፒ የሚል ትእዛዝ ሳይሰጡ፥ ወደ ፈለጉበት ቦታ ሄዶ የመሐሉን ቁልፍ መጫን ነው። የተመረጠው ጽሑፍ እዚያው ይለጠፋል። ይህ መንገድ በተለመደው ኮፒና ፔስት ከሚያዘው ማስቀመጫ የተለየ ስለ ሆነ፥ አንዱን ጽሑፍ በኮፒ፥ ሌላውን በመምረጥ ብቻ ይዞ ሁለቱንም በየቦታቸው ማኖር ይቻላል።

ሦስተኛው ቁልፍ ከየት መጣ? ለምንስ ጠፋ?

ማውዝን ያሰበው ዳግላስ ኤንግልባርት ነው። በ1964 ቢል ኢንግሊሽ የተባለው የሥራ ባልደረባው ከእንጨት የሠራው የመጀመሪያው ማውዝ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው። ኤንግልባርት ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1968፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለብዙ ባለሙያዎች ባሳየበት ጊዜ ግን የማውዙ ቁልፎች ሦስት ሆነው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንሰጣቸው ሌሎች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒዩተርም ባለ ሦስት ቁልፍ ማውዝ ነበረው። የዩኒቨርሲቲዎች ትልልቅ ኮምፒዩተሮችም ይህንኑ ልማድ ተከተሉ።

አፕል በ1983 ሊዛን፥ በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ጀማሪ ሰው እንዳይደናገር ብሎ ማውዙን ባለ አንድ ቁልፍ አደረገው። በማይክሮሶፍት ሥርዓት የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ሁለት ቁልፍ ያዙ። በ1996 ማይክሮሶፍት ኢንተሊማውዝ የተባለውን ባለ መንኰራኵር ማውዝ ባወጣ ጊዜ ሦስተኛው ቁልፍ በመንኰራኵሩ ተመስሎ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ።

የላፕቶፕ መዳሰሻ ግን መንኰራኵር የለውም። መጀመሪያ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ይደረጉለት ነበር፤ በኋላም እነርሱ ቀርተው ገጹ በሙሉ አንድ ቁልፍ ሆነ። እንደ ቲንክፓድ ያሉ ጥቂት ላፕቶፖች ከፊደል ገበታው ሥር ሦስት ቁልፎች ስላሏቸው፥ የነዚህ ባለቤቶች የመሐሉን ቁልፍ መፈለግ አያስፈልጋቸውም። ለቀረነው ለብዙዎቻችን ግን ሦስተኛው ቁልፍ የሚገኘው በጣቶቻችን ቍጥር ነው።

መዳሰሻው ጣትን እንዴት ይቈጥራል?

ከመዳሰሻው ገጽ በታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን መሥመሮች እንደ መረብ አግድምና ሽቅብ ተዘርግተዋል። የሰው ጣትም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነውና ወደ ገጹ ሲቀርብ መሥመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ የሚያዘውን የኤሌክትሪክ መጠን በጥቂቱ ይለውጠዋል። በውስጡ ያለችው ትንሽ መቈጣጠሪያ መረቡን በሴኮንድ ውስጥ ደጋግማ ትቃኛለች፤ ለውጥ ያየችበትንም ቦታ ሁሉ እንደ አንድ ጣት ትቈጥራለች። ደረቅ እርሳስ ወይም ጥፍር መዳሰሻውን የማያዝዘውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ የትኛው ጣት እንደ ነካው አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንት እንደ ነኩትና የት እንደ ነኩት ነው። ስለዚህ አንድ ጣት የግራ ቁልፍ፥ ሁለት ጣት የቀኝ ቁልፍ፥ ሦስት ጣት ደግሞ የመሐል ቁልፍ እንዲሆን ተደርጎ ሊደነገግ ይችላል። ችግሩ ሁሉም አምራች ይህን ድንጋጌ አስቀድሞ የማያበራው መሆኑ ነው።

ሁለት አሠራሮችም እንዳሉ እንለይ። አንደኛው «መታ ማድረግ» ነው፤ ይህ ገጹን ሳይጫኑ በጣት ጫፍ ነክቶ ወዲያው ማንሣት ነው። ሁለተኛው «መጫን» ነው፤ ይህ ገጹ ቀጭ እስኪል ድረስ ወደ ታች መግፋት ነው። አንዱ ባይሠራ ሌላው ሊሠራ ስለሚችል ሁለቱንም መሞከር ይገባል።

እንዴት እናብራው?

በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስን ከፍተን ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ ወደሚለው፥ ከዚያም ታችፓድ ወደሚለው እንገባለን። ስሪ ፊንገር ጀስቸርስ በሚለው ክፍል ውስጥ ታፕስ የሚል ምርጫ አለ። ብዙ ጊዜ ተመርጦ የሚገኘው የፍለጋ መስኮት የሚከፍተው ነው፤ እርሱን ለውጠን ሚድል ማውዝ በተን የሚለውን እንመርጣለን። በዊንዶውስ 10ም መንገዱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ክፍል ዲቫይስስ ብቻ መባሉ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት አያስፈልግም፤ ወዲያው ይሠራል። እነዚህ ምርጫዎች በገጹ ላይ ከሌሉ መዳሰሻው ዊንዶውስ ፕሪሲዥን ታችፓድ ከሚለው ዓይነት አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ አምራቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሰጠውን የመዳሰሻ ፕሮግራም፥ ለምሳሌ የሲናፕቲክስን ወይም የኤላንን፥ ከፍቶ በዚያ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

በሊኑክስ ሥራው ይቀላል፤ ዛሬ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች መዳሰሻውን የሚያስተዳድረው ሊብኢንፑት የተባለው ክፍል ሦስት ጣትን እንደ መሐል ቁልፍ አድርጎ ያውቃል። ኡቡንቱን በመሰሉ ግኖም በሚጠቀሙ ሥርዓቶች ሴቲንግስ ውስጥ ማውዝ ኤንድ ታችፓድ ወደሚለው ገብቶ ታፕ ቱ ክሊክ የሚለውን ማብራት ይበቃል። የባልንጀራችንም ችግር ይህች ምልክት መጥፋትዋ ነበረ። በኬዲኢ ፕላዝማ በሚሠሩት ደግሞ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ በታችፓድ ክፍል ይህንኑ አብርቶ፥ የሁለት ጣት መታ ማድረግ የቀኝ፥ የሦስት ጣት ደግሞ የመሐል ቁልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ የተገላበጠው ምርጫም በዚያው አለና እንዳያሳስታችሁ።

በማክ ኮምፒዩተር ከነገሩን ሁሉ የሚያስገርመው፥ አፕል ለመሐል ቁልፍ የሚሆን ምርጫ በሴቲንግሱ ውስጥ አለማኖሩ ነው። ስለዚህ ረዳት ፕሮግራም ማስገባት ያስፈልጋል። ሚድልክሊክ የተባለው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ቤተርታችቱል የተባለው ደግሞ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቢሆንም በገንዘብ የሚገዛ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሲገባ አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ፈቃድ ፕሮግራሙ በእኛ ስም ቁልፍ እንዲጫን የሚያስችለው ከባድ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ ፕሮግራሙን ከሠሪው ከራሱ ገጽ እንጂ ከየትም ከተገኘ ፍላሽ ማስገባት አይገባም። ደግሞም በሦስት ጣት የሚሠሩ ሌሎች ነገሮች፥ ማለትም ቃል መፈለጊያውና መስኮት መጐተቻው፥ በርተው ከሆነ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ እነርሱን ማጥፋት ወይም ወደ ሌላ አሠራር መለወጥ ያስፈልጋል።

ክሮምቡክ ያለው ተማሪ ምንም ማድረግ የለበትም፤ ሦስት ጣት ሊንኩን በአዲስ ታብ ይከፍትለታል፥ ታቡንም ይዘጋለታል።

እምቢ ሲል

ሁሉን አድርገን ባይሠራስ? ከመጠገኛ ቤት በፊት የሚከተሉትን በተራ እንመርምር።

1ኛ. ጣቶቹ ተጠጋግተው እንደ ሆነ ይታይ። ሦስት ጣት አንድ ላይ ከተጣበቀ መረቡ ሁለት ብሎ ሊቈጥረው ይችላል። ጥቂት አራርቆ፥ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አሳርፎ በአንድ ጊዜ ማንሣት ነው።

2ኛ. መዳሰሻው ጠባብ ከሆነ ሦስተኛው ጣት ከጠርዙ ውጭ ያርፋል። እጅን ጥቂት አጋድሞ መሐሉን መንካት ይረዳል።

3ኛ. ላብና ውሃ መረቡን ያሳስቱታል። እጅንም ገጹንም በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

4ኛ. መታ ማድረጉ ካልሆነ በሦስት ጣት ገፍቶ መጫን ይሞከር። በአንዳንድ የሊኑክስ ሥርዓት ደግሞ የመዳሰሻው የታችኛው ጠርዝ በሦስት ተከፍሎ የመሐሉ ጠባብ ሥፍራ የመሐል ቁልፍ ይሆናል።

5ኛ. ያረጁ መዳሰሻዎች ከሁለት ጣት በላይ መቍጠር አይችሉም። ይህ የተፈጥሮ ዐቅማቸው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሁለት የተለዩ ቁልፎች ካሏቸው ግን የግራውንና የቀኙን በአንድ ጊዜ መጫን እንደ መሐል ቁልፍ እንዲቈጠር ማድረግ ይቻላል፤ ሊኑክስ ለዚህ የሚሆን ምርጫ አለው።

6ኛ. ይህም ሁሉ ካልሆነ የፊደል ገበታው አለልን። በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮንትሮልን ይዞ፥ በማክ ኮማንድን ይዞ፥ ሊንኩን በተለመደው የግራ ቁልፍ መጫን በአዲስ ታብ ይከፍተዋል። ኮንትሮልንና ደብልዩን አንድ ላይ መጫን ደግሞ ታቡን ይዘጋል፤ በማክ ኮማንድና ደብልዩ ነው። ይህ ማንኛውንም ቅንብር ሳይነኩ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል።

ለሥዕልና ለንድፍ ተማሪዎች

የምሕንድስናና የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ግን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብለው ቢጠይቁ እውነት አላቸው። በአውቶካድ ሥዕሉን ወዲያና ወዲህ ለማንሸራተት፥ በብሌንደር ደግሞ የተሠራውን ቅርጽ ለማዞር፥ የመሐሉን ቁልፍ ተጭኖ እንደ ያዙ መጐተት ያስፈልጋል። መታ ማድረግ ነክቶ መልቀቅ ብቻ ስለ ሆነ ለዚህ አይበቃም። በብሌንደር መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ፕሬፈረንስስ ውስጥ ኢንፑት በሚለው ክፍል ኢሙሌት ስሪ በተን ማውዝ የሚለውን ማብራት ነው። ከዚያ ወዲያ አልትን ይዞ በግራ ቁልፍ መጐተት የመሐሉን ቁልፍ ሥራ ይሠራል። በአውቶካድም ፓን የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ በግራ ቁልፍ መጐተት ይቻላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ንድፍ ለሚሠራ ሰው እውነተኛ ማውዝ የሚተካው እንደሌለ አንሸሽግም። ሁለት ሦስት ተማሪዎች አዋጥተው አንድ ርካሽ ባለ ገመድ ማውዝ ቢገዙና ተራ ቢጠባበቁ፥ መዳሰሻ ከማስለወጥ እጅግ የሚሻል ይመስለናል።

ጥንቃቄ

በመጨረሻም ካየነው ጉዳት አንድ ሁለቱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ጽሑፋችን ጐደሎ ይሆናል። ከእኛው አንዷ ረጅም ቅጽ ሞልታ ልታስረክብ ስትል ሦስት ጣትዋ ሳታስበው በታቡ ራስ ላይ አረፈ፤ ታቡም ተዘጋ፤ የአንድ ሰዓት ድካም ጠፋ። ታቡን ኮንትሮል፥ ሺፍትና ቲ አንድ ላይ በመጫን መልሶ መክፈት ይቻላል፤ የተጻፈው ግን ሁልጊዜ ተከትሎ አይመለስም። ስለዚህ ረጅም መልስ የሚጠይቅ ቅጽ ሲሆን አስቀድሞ በሌላ ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን ይመለከታል። የተመረጠ ጽሑፍ ሁሉ በመሐሉ ቁልፍ ስለሚለጠፍ፥ የይለፍ ቃሉን መርጦ የረሳ አንድ ባልንጀራችን በክፍሉ ተማሪዎች የጋራ መልእክት ውስጥ ለጥፎት ሳያስተውል ልኮታል። ሌሊቱን ሁሉ የይለፍ ቃል ሲለዋውጥ አደረ። ትእዛዝ በሚጻፍበት በተርሚናል ውስጥ ደግሞ የተለጠፈው ጽሑፍ ብዙ መሥመር ያለው ከሆነ ሳናነበው ሊፈጸም ይችላል። ይህን የሚፈራ ሰው በግኖም ትዊክስ ውስጥ የመሐል ቁልፍ መለጠፊያውን ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይችላል፤ ሊንክ መክፈቱ አይቀርበትም።

ነገሩ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። አንባብያን ሆይ፥ ጽሑፉን አንብባችሁ ከመተዋችሁ በፊት አንድ ሊንክ ከፊታችሁ አድርጋችሁ በሦስት ጣት መታ አድርጉ። በአዲስ ታብ ከተከፈተ ደስ ይበላችሁ። ካልተከፈተም መንገዱን ከላይ አሳይተናል። በየመኝታ ክፍሉ «ላፕቶፔ ተበላሸ» የሚል አዲስ ተማሪ ስታገኙ ገንዘቡን ይዞ ከመሄዱ በፊት ሁለት ደቂቃ ለግሱት። ለእኛ ለባልንጀራችን የበቃው ሁለት ደቂቃ ነበረ፤ ጽሑፉንም በቀኑ አስረክቧል።